አሥራ ስምንት ፍሬም ዝምታ

በታሊን፣ በጥር ወር፣ ፀሐይ ለአመል ወጥታ፣
በባሕሩ ላይ ስስ ነጠላ አንጥፋ፣ መልሳ አንሥታ፣
ገና አሥር ሰዓት ሳይሞላ ስትሰናበተን፣
እኛ ምድር ቤት ነን፤ አንዲት የመቶ ሻማ አምፖል ናት የቀረችን።

ኡርቬ መምህሬ ናት። የጣቷ ጫፍ ሙጫ፣
መነጽሯ በክር የታሰረ፣ በኪሷ ሁሌ የሽቦ መቁረጫ።
ከፊቷ አንድ ፖስተኛ፣ ቁመቱ ስንዝር፣
ከሊንደን እንጨት የተጠረበ፣ ጉልበቱ ብሎን፣ ሽቦ የደም ሥር።
ሥራው ሦስት ደረጃ መውጣት ነው፣ ደብዳቤ ይዞ።
ሦስት ደረጃ ብቻ! ሦስት ሳምንት ፈጀ፣ እግሩ በጣቷ ታግዞ።

ትነካዋለች፤ ትሸሻለች፤ ካሜራው ቀጭ ይላል።
በፀጉር ስፋት ታነሣዋለች፤ ደግሞ ቀጭ ይላል።
ለአንድ ሰከንድ ሃያ አራት ጊዜ። ቀን ሙሉ ለፍተን
የምናገኘው የአንድ ማስነጠስ ዕድሜ ነው፤ እሱም ከሰመረልን።

ስናየው ግን ይራመዳል እንጂ አይኖርም።
እግሩ ይነሣል፣ ያርፋል፤ እርምጃው አይነቀፍም፤
ልክ ነው። ልክ መሆኑ ነው የገደለው።
«ይሄ ሰው፣» አለች ኡርቬ፣ «ክብደቱን የት ጣለው?»

ዘጠኝ ቀን ሞከረች። ዘጠኝ ጊዜ ጣለች።
ገንዘብ ሰጪው ክፉ ደብዳቤ ላከ፤ ማሞቂያው ጠፋ፤ ካፖርት ደርባ ሠራች።
መንፈስ ይወርዳል የሚሉትን እጠብቅ ነበር እኔም፣ ጥግ ላይ ተቀምጬ፤
እሷ ግን «ወተት አልቋል» ብላ ወጣች፤ ተከተልኳት፣ ጓንቴን ጨብጬ።

ከትራሙ ፌርማታ ማዶ፣ በረዶው እንደ መስተዋት በተወለወለበት፣
ሌይዳ፣ የሰማንያ ዓመቷ ጎረቤት፣ ቆማለች ከቤቷ ደረጃ ፊት።
ባንድ እጇ የድንች ከረጢት። እግሯን አነሣች፤ መለሰች።
ብረቱን ያዘች።
ደረጃውን አየችው፣ አበዳሪውን ገበያ መሐል እንዳገኘ ባለዕዳ። ዝም አለች።
ከዚያ ትከሻዋ ቀድሞ ወጣ፤
እግሯ ኋላ መጣ።
ኡርቬ ክንዴን ጨመቀችው። ከንፈሯ ሲቆጥር ሰማሁት፦
አሥራ ስድስት፣ አሥራ ሰባት፣ አሥራ ስምንት።

ወተቱን ረሳነው።

አሥራ ስምንት ፍሬም ሙሉ ፖስተኛው አይንቀሳቀስም!
ስንፍና መሰለኝ፤ ተናገርኩ፤ እሷ ግን አልሰማችኝም።
«ነፍስ የምትዘራው፣» አለች፣ «ሰው ከሚፈራበት ቦታ ላይ ነው፤
እግሩ ሳይነሣ፣ ልቡ ደረጃውን ሲወጣው።»

ሁለት መቶ አሥራ አንደኛው ፍሬም ላይ፣ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት፣
ጠረጴዛውን በክርኔ የገፋሁት
እኔ ነኝ፣ ታርሞ። ሌላ ሰው አልነበረ።
ፖስተኛው ባፍንጫው ተደፋ፤ ደብዳቤው በረረ፤
የአምስት ቀን ሥራ፣ በአንዲት ክርን።
ይቅርታ ልጠይቅ ቃል አጣሁ፤ ደፋሁ አንገቴን።
አምፖሉን አጠፋችው። በጨለማው ብስኩት ስትቆረጥም ሰማኋት፤
ቆየት ብላ፣ «ቀኝ ትከሻው ቸኩሎ ነበር፤ እኔም አልወደድኩት።
አብራው።
ከአንድ።»

ትንፋሻችን ሌንሱን እንዳያደበዝዝ አፋችንን በሻርፕ ሸፈንን፤
እኔ በእርሳስ ቁጥር እየጻፍኩ፣ እሷ እያነሣች ጉልበቱን፣
ከላይ መንገዱን የሚጠርገው መኪና ሲያልፍ ሁለታችንም ጠረጴዛውን አቅፈን፣
እስኪያልፍ፣ እስኪያልፍ ድረስ፣ እንደ ሕፃን።

ፊልሙ በመጋቢት ታየ። ሌይዳን ጋበዝናት፤
«ወንበሩ ወገቤን ይፈጀዋል» ብላ ቀረች፤ ምን እንደሰጠችን አልነገርናት።
ፖስተኛው ከደረጃው ሥር ሲቆም አዳራሹ ፀጥ አለ፤
ከፊት ረድፍ አንድ ልጅ ብቻ፣ ጮክ ብሎ፣ «ደክሞታል?» አለ።

ስንወጣ ኡርቬ ከአዳራሹ ደረጃ ግርጌ ቆመች።
እጇ ብረቱን ፈለገ። ቀና ብላ አየች።
ልማድ ሆኖብኝ በልቤ ቆጠርኩ፤ አንድ፣ ሁለት፣
አሥራ ስምንት፣ አሥራ ዘጠኝ፣ ሃያ፤ ከዚያ ቁጥሩ ጠፋኝ፤
ክንዴን ሰጠኋት።